አርባ ደቂቃ ያልነው መንገድ፦ ከትልቅ ከተማ አጠገብ በምታድግ ትንሽ ከተማ የኖርኩት ስድስት ዓመት

ከትልቅ ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኝ፣ ገና በማደግ ላይ ወዳለች ትንሽ ከተማ ለመዛወር የምታስቡ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ ሐሳብ ሳወጣና ሳወርድ ከርሜ ነበር። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችን፣ የባለቤቴ እናትና እኔ የምንኖርበት የኪራይ ቤት ስለጠበበን፣ ከሥራ ቦታችን 38 ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኝ ከተማ ግቢ ያለው ቤት ገዝተን ገባን። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ጤናችንንም ትዳራችንንም ክፉኛ ፈተኑት። ዛሬ ከዚህ የመውጣት ፍላጎት የለንም፤ ነገር ግን ከዚህ ለመድረስ ያየነውን መከራ ሌላ ሰው እንደ አዲስ ማየት የለበትም ብዬ ስለማምን፣ የተሳሳትንባቸውን ነገሮች ሳልደብቅ ልጻፍ።

የመጀመሪያው ስህተታችን መንገዱን የለካንበት ቀን ነው። ቤቱን ያየነው እሁድ ጠዋት ነበር። መንገዱ ጭር ብሎ፣ ልጆቹ በመስኮት ሜዳውን እያዩ ተደስተው፣ ከበር እስከ በር አርባ ደቂቃ ብቻ ፈጀብን፤ ያንን ቁጥር ይዘን ውል ተፈራረምን። በገባን በመጀመሪያው ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥተን ሥራ የደረስነው አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነው። ከ38ቱ ኪሎ ሜትር 29ኙን በግማሽ ሰዓት ከጨረስን በኋላ፣ የቀሩትን 9 ኪሎ ሜትር ከአንድ ሰዓት በላይ ተንፏቀቅንባቸው። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ በዚያ አቅጣጫ ያሉት ትንንሽ ከተሞች በሙሉ ጠዋት ሰዎቻቸውን የሚያስገቡት በአንድ በር ነው፤ መንገድ ደግሞ አንዴ ሊሞላ ከተቃረበ በኋላ ጥቂት መኪኖች ሲጨመሩበት መዘግየቱ በጥቂቱ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ያድጋል።

በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ባለቤቴ አንድ ምሽት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀመጠ። በቀን ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አሥራ ስድስት ሰዓት ከአርባ፣ የዕረፍት ሳምንታት ተቀንሰው በ48 የሥራ ሳምንታት 800 ሰዓት ሆነ። ስምንት ስምንት ሰዓት አድርጎ ሲያካፍለው 100 የሥራ ቀን ወጣ። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አክብቦበት ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው፤ ሁለታችንም ምንም ሳንናገር ተኛን። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በጀርመን የተሰበሰበ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙትን ጥናት ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ረጅም መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ይህንንም ጉድለት የቤቱ ርካሽነትም ሆነ የደመወዙ ብልጫ በበቂ እንደማያካክሰው አሳይተዋል። በእኛ ቤት የሆነውም ይኸው ነበር። ሰፊውን ሳሎን በሦስት ወር ለመድነው፤ የመንገዱን መጨናነቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ለምደነው አናውቅም።

ስለዚህ ቤት ከመምረጣችሁ በፊት መንገዱን በምትሄዱበት ሰዓት፣ በሥራ ቀን፣ ቢቻል አምስቱንም ቀን ተመላለሱበት። ከአምስቱ ቀን አማካዩን አትውሰዱ፤ የከፋውን ያዙ፤ ምክንያቱም በየዕለቱ ከቤት የምትወጡበትን ሰዓት የሚወስነው እንዳይደገም የምትፈሩት ያ መጥፎ ቀን ነው። ዝናብ በዘነበበት ማለዳ አንድ ጊዜ፣ ማታ በሕዝብ ትራንስፖርት ደግሞ አንድ ጊዜ ሞክሩት። መኪና ያለው ሰው መኪናው የምትበላሽበት ቀን እንደሚመጣ ይዘነጋል፤ እኛም ዘንግተነው ነበር።

ከመንገዱ ቀጥሎ ያስተማረን ውሃ ነው። በምታድግ ከተማ ቤት ይቀድማል፣ ቧንቧ ይከተላል፤ ቧንቧው ሲመጣም የሚበቃው በተዘረጋበት ጊዜ ለነበረው ሕዝብ እንጂ ዛሬ ላለው አይደለም። ሻጩ «ውሃ አለ» ብሎናል፤ አልዋሸም። «በሳምንት ስንት ቀን? በስንት ሰዓት? በራሱ ግፊት እስከ ጣሪያ ይወጣል?» ብለን ያልጠየቅነው እኛ ነን። ውሃው የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውሃ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። አምስት ሰዎች ስለሆንን ለእያንዳንዳችን 70 ሊትር ብንመድብ በቀን 350 ሊትር፣ ውሃ በማይመጣባቸው አራት ቀናት ደግሞ 1,400 ሊትር ያስፈልገናል፤ እኛ የተከልነው ግን 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁልጊዜ ባዶውን እናገኘዋለን። ሌላ ታንከር ጣሪያ ላይ ልንጨምር ስንል አንድ አስተዋይ ግንበኛ አስቆመን፤ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን እንደሚመዝንና ጣሪያችን ለዚያ እንዳልተሠራ አስረዳን። መሬት ላይ መደብ ሠርተን ሁለተኛውን ታንከር ተከልን፤ በትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ እንገፋዋለን። ይህንን ስሌት ከመግባታችን በፊት በአንድ ምሽት መሥራት እንችል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የደረሰብን ጎርፍ ግን ማንም ቀድሞ ያልነገረን ነገር ነው፤ ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልናገረው። ከደጃችን የነበረው የአፈር መንገድ ጠጠር ተደልድሎበት፣ ተጠቅጥቆ፣ አስፋልት ለበሰ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተደሰተ፤ ጭቃው ቀረ፣ አቧራው ቀረ። ነገር ግን መንገዱ ከግቢያችን ወለል በላይ ጉልበት ያህል ከፍ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት ማታ ውሃው በግቢው በር ሥር ሾልኮ ገባ፤ በመጀመሪያ ቀጭን መስመር ሆኖ በሲሚንቶው ላይ ተጓዘ፣ ከዚያ ሰፋ፣ ከዚያ የሳሎኑን ደፍ ተሻገረ። የልጄ አንዱ ጫማ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ወንበሩ እግር ሲንሳፈፍ ቆሜ አየሁት። በአንድ ሜትር ካሬ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ከአንድ ባለ 200 ሜትር ካሬ ጣሪያ ብቻ 10,000 ሊትር ይወርዳል ማለት ነው። ከእኛ በላይ ያለው ዳገት በገዛንበት ጊዜ ውሃ የሚመጥ ሜዳ ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጣሪያና ንጣፍ ሆነ፤ ውሃው ሁሉ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱም ወደ እኛ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን የቆዩ ቤቶች ስመለከት፣ ብዙዎቹ በሦስትና በአራት ደረጃ ከፍ ብለው መሠራታቸውን አስተዋልኩ። ነባሮቹ ነዋሪዎች መንገዱ አንድ ቀን ከፍ እንደሚል ያውቁ ነበር፤ ጠይቀን ቢሆን ይነግሩን ነበር። እናንተም ቤት ስትገዙ ወይም ስትሠሩ ወለላችሁን ዛሬ ካለው መንገድ ጋር ሳይሆን ወደፊት ከሚሠራው ጋር አነጻጽሩት። ከከተማው አስተዳደር የመንገዱን የዲዛይን ከፍታ ጠይቁ፤ መረጃው ከሌለ ቀያሽ ይዛችሁ ሂዱ። የከተማውን ፕላንም በዓይናችሁ እዩ፣ በሰው አፍ የተነገራችሁን አትመኑ። ፊት ለፊታችን የነበረው አረንጓዴ ሜዳ ቤቱን እንድንወድ ካደረጉን ነገሮች አንዱ ነው፤ በፕላኑ ላይ ግን ከመጀመሪያው መናኸሪያ ተብሎ ተመድቦ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት ተሠራ። ጎረቤታችን ደግሞ አጥሩን የገነባው ለመንገድ በተያዘ ቦታ ላይ ስለነበር አፍርሶ ወደ ኋላ ለመግባት ተገደደ።

እነዚህ ሁሉ ግን በገንዘብና በጥንቃቄ የሚታረሙ ናቸው። ትልቁ ስህተታችን ሌላ ነው፤ እሱን ለማየት አንዲት ሌሊት አስፈለገችን። ለሁለት ዓመት ያህል እዚህ የምንኖረው ለመተኛት ብቻ ነበር። ልጆቻችንን ከቀድሞ ትምህርት ቤታቸው ላለማስወጣት ብለን በሌሊት እየቀሰቀስን ይዘናቸው እንሄዳለን፤ ትንሿ ልጃችን መኪና ውስጥ ተኝታ ትሄዳለች፣ ተኝታ ትመለሳለች። የምንገበያየው እዚያ፣ የምንታከመው እዚያ፣ ወዳጆቻችን እዚያ ነበሩ። ቅዳሜ እንኳ ወደ ትልቁ ከተማ እንሄዳለን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአጥራችን ማዶ ያሉትን ሰዎች ስማቸውን አናውቅም ነበር። የባለቤቴ እናት ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ይውላሉ፤ አንድም ቀን አላማረሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለቤቴ ለሥራ ራቅ ወዳለ ቦታ በሄደበት ሳምንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አማቴ ቀሰቀሱኝ። «ተነሺ፣ ልጅቷ ትንፋሽ አጥሯታል» አሉኝ። ሮጬ ስገባ ልጄ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ በየትንፋሹ ወደ ላይ እየተነሣ፣ ከጎድን አጥንቶቿ መካከል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ እየገባ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ሆና አታውቅም። የማውቀው ሆስፒታል 38 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ብቻ ነው። መኪናውን ባለቤቴ ይዞት ሄዷል። ትልቁ ከተማ ለምትኖር ጓደኛዬ ደወልኩ፤ «አሁኑኑ እወጣለሁ» አለችኝ፤ ነገር ግን እስክትደርስ ድረስ ምን እንደማደርግ አላወቅሁም። ልጄን አቅፌ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ለምን እንደወጣሁ አሁንም አላውቀውም።

በሩ ተንኳኳ። ማዶ የሚኖሩት ሽማግሌ ነበሩ፤ የቤታችን መብራት በዚያ ሰዓት መብራቱን አይተው፣ የእኔንም ድምፅ ሰምተው ነው የመጡት። «ልጄ፣ በሩን ክፈቺ፤ መኪናዬን አስነሥቻለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያለውን በር አንኳኩ፤ አንዲት ነርስ ወጣች። የራሷ ልጅ አስም ስላለበት የጠበበ የአየር ቧንቧ የሚከፍተው ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒትም፣ መድኃኒቱ የሚሳብበት የፕላስቲክ ማስተንፈሻም በእጇ ነበር። ልጄን ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ እያንዳንዱን የመድኃኒት ርጭት እየቆጠረች፣ በመካከሉ እያስተነፈሰች ሰጠቻትና ከእኛ ጋር ተሳፈረች። የሄድንበት ሆስፒታል ከቤታችን የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሌሊት ሐኪም አለው፣ ኦክስጅን አለው። ሥራ ከጀመረ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በየማለዳው በጨለማ በጀርባው በኩል አልፈን ወደ ትልቁ ከተማ እንሄድ ነበር፤ ምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ልጄ ሲነጋ በሰላም ተነፈሰች። ጓደኛዬም ደርሳ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ እስከ ሞት የማልረሳላት ውለታ ነው። ሆኖም የሆስፒታሉ ወንበር ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ርዳታው በእርምጃ ርቀት ላይ ሳለ በስልክ የፈለግሁት በ38 ኪሎ ሜትር ላይ እንደነበር ታየኝ። በዚያ ሳምንት ባለቤቴ ሲመለስ ሌላ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን፤ በዚህኛው ላይ የጻፍነው በእግራችን ልንደርስባቸው የምንችላቸውን ነገሮች ሁሉ ነው።

መጀመሪያ የቀየርነው ትምህርት ቤቱን ነው። በከተማችን ያሉት ትምህርት ቤቶች እንደ ድሮው አይሆኑም ብለን ፈርተን ነበር፤ በአንዳንድ ነገር ትክክል ነበርን፣ ክፍሎቹ የተጨናነቁ ናቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱም ደካማ ነው። ልጆቹ ግን ሙሉ እንቅልፍ ተኝተው መሄድ ሲጀምሩ በአንድ ወሰነ ትምህርት ውስጥ ለውጡን አየነው። አንድ ምክር ልጨምር፦ ፈጥና በምታድግ ከተማ የትምህርት ቤት ቦታ ከቤት ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ከመዛወራችሁ በፊት በልጃችሁ የክፍል ደረጃ ቦታ መኖሩን በአካል ሄዳችሁ አረጋግጡ። ምዝገባ የሚከፈትበትን ቀን ያለፈ ሰው ዓመት ሙሉ ይንከራተታል።

ቀጥሎ ሥራችንን አየነው። ባለቤቴ ደመወዙ ዝቅ ያለ ነገር ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ የሆነ ሥራ አገኘ፤ ለመወሰን ሁለት ወር ፈጅቶብናል። በደመወዙ ልዩነት ላይ የነዳጁን፣ የመኪናውን ጥገናና የ800ውን ሰዓት ስንደምርበት፣ አዲሱ ሥራ ያጎደለብን መስሎን የነበረው ገንዘብ አብዛኛው ተመልሶ መጣ። እኔ ደግሞ ከአለቃዬ ጋር ተነጋግሬ በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት እሠራለሁ፤ በሦስቱ ቀናት መጨናነቁ ካለፈ በኋላ እገባና አምሽቼ እወጣለሁ። እንዲህ ያለውን ንግግር ከመዛወራችሁ በፊት አድርጉት፣ ስምምነቱንም በጽሑፍ ያዙት፤ ከተዛወራችሁ በኋላ ስትጠይቁ ልመና ይመስላል።

እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1898 ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ብለው እንዲቆረቆሩ ያቀዳቸው የአትክልት ከተሞች እያንዳንዳቸው 32,000 ያህል ሰው የሚይዙ፣ ነገር ግን የራሳቸው ሥራ፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ያላቸው እንዲሆኑ ነበር ሐሳቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1903 ሌችወርዝ የተጀመረችው በዚሁ መሠረት ነው። ሰው ማታ ብቻ የሚገባባት ከተማ እንድትሆን አልፈለገም። እኔ የከተማ ዕቅድ ባለሙያ አይደለሁም፤ ነገር ግን ቤተሰቤ ቀን ቀን እዚህ መዋል ሲጀምር ከተማዋ ለእኛም የተለየች ሆነችብን። የመድኃኒት ቤቱ ሰው የልጄን መድኃኒት ሳያልቅ ያስመጣልናል። አማቴ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ባለቤት ጋር ይቀመጣሉ። ወደ ነዋሪዎች ማኅበር ገብተን የጎርፍ መውረጃ ቦይ እንዲቆፈር ከሌሎች ጋር ሆነን አመለከትን፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሰን በአራተኛው ተቆፈረ። በምታድግ ከተማ ቢሮዎቹ ገና ትንንሽ ስለሆኑ፣ በጽሑፍ ተደራጅቶ የሚያመለክት ሰፈር ይሰማል። ትልቁ ከተማ ውስጥ ይህንን አላየሁም።

በመካከሉ፣ በሦስተኛው ዓመት፣ «መንገዱ ሲሰፋ ሁሉም ይቀላል» ሲባል የነበረው ሰፊ መንገድ ተከፈተ። ለጥቂት ወራት ሃያ አምስት ደቂቃ ተረፈን፤ ዓመት ሳይሞላው ግን መጨናነቁ ወደነበረበት ተመለሰ፤ መንገዱ ሲፈጥን በዳርና ዳሩ አዳዲስ ሰፈሮች ተሠሩ፣ አውቶቡስ ይይዙ የነበሩ ሰዎችም መኪናቸውን ይዘው ወጡ። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንቶኒ ዳውንስ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚታየው ጭንቅንቅ የመንገዱን አቅም እስኪሞላ ድረስ እንደሚያድግ እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎ ነበር። ቤት የሚሸጥላችሁ ሰው ሊሠራ ነው ብሎ የሚጠራላችሁን መንገድ፣ ባቡር ወይም ሆስፒታል ሁሉ ከስሌታችሁ አውጡት። ዛሬ ባለው ነገር መኖር የምትችሉ ከሆነ ብቻ ግቡ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የሚያሳልፍ ጊዜ ተከራይቶ መኖር ነው፤ እኛ ይህንን አድርገን ቢሆን ያንን ቤት አንገዛውም ነበር፤ እዚሁ ከተማ ዳገቱ ላይ ሌላ እንገዛ ነበር።

የፈራሁት መናኸሪያ ድምፁ ማለዳ ይቀሰቅሰኛል፤ አልክድም። ነገር ግን በሦስቱ የሥራ ቀኖቼ መኪናውን ትቼ በእግሬ ሦስት ደቂቃ ሄጄ አውቶቡስ እይዛለሁ፤ በመንገዱ ላይም አነብባለሁ።

ባለፈው ወር ከእኛ በታች ባለው ቤት አዲስ ቤተሰብ ገባ። በገቡበት ምሽት ሄድኩና ውሃ የሚመጣባቸውን ሁለት ሌሊቶች፣ የሆስፒታሉን መግቢያ፣ የነርሷንና የሽማግሌውን ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ የግቢያቸውን በር ደፍ በቶሎ ከፍ እንዲያደርጉትም ነገርኳቸው። ሚስትየዋ ሥራዋ ትልቁ ከተማ ነው። ቤቱን ያዩት እሁድ ቀን እንደነበር ስትነግረኝ፣ ሰኞ ማለዳ አብረን እንድንሳፈር ቀጠሮ ያዝን።